ድቤው ቀድሞ ሲገባ

በቴሌግራምና በፌስቡክ ከሚዘዋወሩት የሱፊዎች፣ ማለትም የእስልምና መንፈሳዊ መንገድ ተጓዦች፣ አባባሎች አንዱ «ወደ አላህ የሚወስዱ መንገዶች ብዛታቸው እንደ ፍጡራን ትንፋሽ ነው» ይላል። ከሥሩ የሚሽከረከር ሱፊ (ደርቪሽ) ሥዕል ይለጠፋል፤ አስተያየት ሰጪውም «እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ይያዝ፣ ማንም ማንንም አይጠይቅ» ብሎ ይፈታዋል። ይህን አባባል በድርሳናቸው መክፈቻ ላይ ያሰፈሩት ነጅሙዲን ኩብራ ናቸው፤ የኽዋሪዝም ሰው፣ በ1221 እ.ኤ.አ. ሞንጎሎች ከተማቸውን ሲወሩ የሞቱ። እሳቸው ግን እዚያ ላይ አላቆሙም። እንደ ትንፋሽ በዙ ያሏቸውን መንገዶች ወዲያው በሦስት ይመድቧቸዋል፦ ሶላት፣ ጾም፣ ቁርኣንና ሐጅ አብዝተው የሚሄዱ፤ ነፍሳቸውን እየታገሉና ጠባያቸውን እየገሩ የሚሄዱ፤ በፍቅር የሚሄዱ። ከሦስቱ ቅርቡ የመጨረሻው ነው ካሉ በኋላ ለዚሁ ለፍቅር መንገድ 10 መሠረት ይደረድሩለታል፦ ተውባ (ንስሐ)፣ ዙህድ (ከዓለማዊ ምኞት መራቅ)፣ ተወኩል (በአላህ መመካት)፣ ባለው መብቃቃት፣ ከሰው ገለል ማለት፣ ዚክርን (አላህን ማውሳትን) አለመተው፣ ፊትን ሙሉ በሙሉ ወደ አላህ ማዞር፣ ሶብር (ትዕግሥት)፣ ሙራቀባ (አላህ እንደሚያይ እያሰቡ ልብን መጠበቅ)፣ ሪዷ (በአላህ ውሳኔ መርካት)።

በዝርዝሩ ውስጥ የመንዙማው ከበሮ፣ ድቤ፣ የለም። ጭብጨባም የለም።

ይህ ሐድራን፣ ማለትም ዚክር፣ መንዙማና ዱዓ የሚደረግበትን ስብሰባ፣ መንቀፍ አይደለም። የወሎ ሼኾች በዐረብኛ ፊደል በጻፉት አማርኛ ተውሒዱን (የአላህን አንድነት)፣ የነቢዩን ታሪክ፣ የሞትንና የቂያማን (የትንሣኤ ቀንን) ነገር በዜማ ከትበው ፊደል ላልቆጠረው ገበሬና እረኛ አድርሰዋል። ያለዚህ ዜማ፣ ያለ መንዙማ፣ ያ ትምህርት ከደረሳው (ከሃይማኖት ተማሪው) ቤት ባልወጣ ነበር። የምለው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ በተስፋፉት ሰፈሮች ሐድራው የሚጀመረው ከመጨረሻው፣ ከድምፁ ነው፤ አብዛኛው ጣጣም የሚመጣው ከዚያ ነው።

በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አንዱ ደረጃ ላይ የወሎ፣ የጅማ፣ የስልጤና የሐረር ሰው ጎን ለጎን ይኖራል። ወደ ሰበታና ቡራዩ ሲወጣም ያው ነው። በአገር ቤት ሐድራ የሚቀመጠው አንድ ሼኽ ባሉበት ነው፤ ቤታቸው፣ ደረሳዎቻቸው፣ ጓሯቸው አለ፤ ሰው የሚመጣው ወደ እሳቸው ነው። እዚህ የሚታየው ግን ተገላቢጦሹ ነው። ጥቂት ወጣቶች ድቤና ስፒከር ይገዛሉ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል፣ የሐሙስ ማታ ቀጠሮ ይያዛል፣ ዱዓ የሚያደርግ አባት የሚፈለገው በመጨረሻ ነው። ካልተገኘም ስብሰባው አይቀርም።

የግል መንገድ የሚባለው ነገር በጦሪቃዎቹ፣ በሱፊ ሥርዓቶቹ፣ ዘንድ በጣም የተለካ ነው። በአገራችን፣ በተለይ በጅማ በኩል በስፋት የምትታወቀውን ጦሪቃ፣ ቲጃንያን፣ እንያት። መሥራቿ አሕመድ አት-ቲጃኒ በ1815 እ.ኤ.አ. በሞሮኮዋ ፌዝ ከተማ ያረፉ ናቸው። የቲጃንያ ሙሪድ (ተከታይ) በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት ከሱብሒ (ከንጋት ሶላት) በኋላና ማታ ከዓስር (ከከሰዓቱ ሶላት) በኋላ፣ ላዚም የሚባለውን ዊርድ (የየዕለት ዚክር) ይላል፦ ኢስቲግፋር (ምሕረት መለመን) 100፣ ሶለዋት (በነቢዩ ላይ የሚወርድ ምርቃት) 100፣ ላኢላሀ ኢለላህ 100። በዚህ ላይ በቀን አንድ ጊዜ ወዚፋ አለ፦ ኢስቲግፋር 30፣ ሶላቱል ፋቲሕ 50፣ ላኢላሀ ኢለላህ 100፣ ጀውሀረቱል ከማል 12፤ ሶላቱል ፋቲሕና ጀውሀረቱል ከማል የታወቁ የሶለዋት ዓይነቶች ናቸው። ጀውሀረቱል ከማል በውሃ ውዱእ (መታጠብ) ያስፈልጋታል፤ በአፈር የሚደረገው ተየሙም አይበቃም። ውሃ ያላገኘ ወይም ጀውሀራውን ያልሸመደደ በምትኳ 20 ጊዜ ሶላቱል ፋቲሕ ይላል። ዓርብ ከዓስር በኋላ ደግሞ በጋራ ተቀምጦ ተሕሊል (ላኢላሀ ኢለላህን መደጋገም) አለ። መንገድ ማለት ይሄ ነው፤ ቁጥርና ሰዓት አለው፣ ሲጎድል መተኪያ አለው። ለለመደ ሰው ላዚሙ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ ዳር ሰፈር የሚኖር ሠራተኛ ወደ መገናኛ በሚወስደው ሚኒባስ ላይ ሊጨርሰው ይችላል።

ሰው ሁሉ ቲጃኒ ይሁን ለማለት አይደለም። ሌሎቹ ጦሪቃዎች፣ ቃዲርያም፣ ሳማንያም፣ ሻዚልያም፣ የየራሳቸው ልክ አላቸው፤ ነቅሽበንዲዎች ዚክራቸውን ዝም ብለው በልብ ነው የሚሉት። «የኔ መንገድ» የሚለው ቃል ትርጉም የሚያገኘው ከእነዚህ አንዱን መርጦ ልኩን ሲይዙ ነው። ለመያዝ የሚፈልግ ሰው ሼኹን ሦስት ነገር ቢጠይቅ ነውር የለበትም፦ ኢጃዛውን (ዊርድ የመስጠት ፈቃዱን) ከማን ተቀበሉ? የተቀበሉበት ሰውስ ከማን? ዊርዱን ለመስጠት ገንዘብ ይጠይቃሉ? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ስም ያልጠራ፣ ለሦስተኛው አዎ ያለ ሰው ዘንድ መቆየት አይበጅም። ሲልሲላ (የመምህራን ሰንሰለት) ያለው ሰው በጥያቄው ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም።

ጀማሪው ላይ የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ብዛት ነው። ሼኹ 100 ሲሉት በራሱ ፈቃድ 1000 ያደርገዋል፤ እስከሚሰለች ድረስ ይቆይና አንድ ቀን ሲቀርበት በሐፍረት ሁሉንም ይጥለዋል። ትንሽ ዊርድ የሚሰጠው እንዳይቋረጥ ነው። ሁለተኛው መቀላቀል ነው። ከአንዱ ዊርድ፣ ከሌላው ሒርዝ (የመጠበቂያ ዱዓ)፣ ከዩቲዩብ ደግሞ «ለሪዝቅ (ለሲሳይ) የተሞከረ» የሚባል ዚክር ይጨምራል። ቲጃንያ ይህን በግልጽ ትከለክላለች፤ ዊርዷን የያዘ ሰው የሌላ ጦሪቃ ዊርድ አይደርብም። ሌሎቹ በዚህ ላይ ላላ ይላሉ። ያም ሆኖ ጀማሪ ሲቀላቅል የሚጎዳው ያው ነው፤ የቱ እንደረዳው፣ የቱ እንደከበደው መለየት ያቅተዋል፣ ሼኹም ሊያርሙት አይችሉም።

ስለ ፍቅር ብዙ ይባላል፤ እኔ አጭር አደርገዋለሁ። በ1111 እ.ኤ.አ. የሞቱት ሊቁ አል-ገዛሊ ኢሕያእ በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ አላህን የመውደድ ምልክቶችን ሲዘረዝሩ ሌሊት ተነስቶ ብቻ መሆንን መውደድ፣ ዚክር ማብዛት፣ ለአላህ ባሮች ሁሉ ማዘን የሚሉ ይገኙባቸዋል። ከዝርዝሩ አንዷን ግን ዛሬ የሚጠቅሳት የለም፦ ፍቅርን መደበቅ፣ ወደድኩ ብሎ ከማወጅ መቆጠብ። በቲክቶክ ላይቭ እያለቀሱ ሶለዋት ማውረድ ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ። ስልኩ ሲነሳ ተቀማጩ ፊቱን ያስተካክላል፤ ሰው ነውና። ስለዚህ ስልክ ከበር ላይ ተሰብስቦ በአንድ ዘንቢል ይቀመጥ፤ ይህ ደንብ ከየትኛውም ስብከት ይበልጣል። ኸዲምነት (አገልጋይነት) ለመማርም ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ጫማ የሚደረድር፣ ሲኒ የሚያጥብ፣ አመድ የሚደፋ ሰው በተራ ይመደብ፤ ተራው ለባለ ሀብቱም ይድረሰው። በገንዘብ ብቻ የሚሳተፍ ሰው የበዛበት ሐድራ ቶሎ ማኅበር ይሆናል፤ ቀጥሎ የሚነሳው ጠብም የሒሳብ ጠብ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ። አል-ገዛሊ ስለ ሰማዕ፣ ማለትም መንፈሳዊ ዜማ ስለ ማድመጥ፣ ሙሉ ክፍል ጽፈዋል። በመሠረቱ ይፈቅዳሉ፤ ክልክል የሚያደርጉት አምስት ነገሮች ናቸው፦ ድምፁን የሚያወጣው ሰው ፈተና የሚሆን ሲሆን፣ መሣሪያው የመጠጥ ቤት ምልክት የሆነ ሲሆን፣ ግጥሙ መጥፎ ሲሆን፣ ሰሚው ስሜቱ የገዛው ሲሆን፣ ወይም ተራው ሰው ልማድ አድርጎት ጊዜውን ሁሉ ሲበላበት። ክር መሣሪያንና የመጠጥ ቤት ዋሽንትን ከልክለው ድፍ የተባለውን የእጅ ከበሮና ተራውን ከበሮ ፈቅደዋል። ጭራሽ አይፈቀድም የሚሉ ዑለማዎች እንዳሉ ይታወቃል፤ ክርክሩን እዚህ አልከፍተውም። የፈቀዱትም ቢሆኑ ቅድመ ሁኔታ እንዳላቸው ማሳየት ይበቃኛል።

ቅድመ ሁኔታውን አጥርቶ ያስቀመጠው በ910 እ.ኤ.አ. ባግዳድ ውስጥ ያረፈው ሱፊ ጁነይድ ነው። ሰማዕ ሦስት ነገር ይፈልጋል፣ ካልተሟሉ ይቅር ማለቱ ተዘግቧል፦ ጊዜ፣ ቦታ፣ ወንድሞች። አል-ገዛሊ ሲያብራሩት ምግብ በቀረበበት፣ ጠብ ባለበት ወይም የሶላት ሰዓት በደረሰበት ጊዜ አይሆንም፤ ቦታው ሰው የሚተላለፍበት መንገድ አይሁን፤ ከሚቀመጡት መካከል የሚያንቋሽሽ ወይም ሆን ብሎ የሚወራጭ ሰው ካለ ልብ ይበተናል ይላሉ። ከ900 ዓመት በፊት የተጻፈው ነገር የኮንዶሚኒየም ኮሪደር ታይቶ የተጻፈ ይመስላል።

ጊዜን እንውሰድ። በአዲስ አበባ ከመግሪብ (ከፀሐይ መግቢያ ሶላት) እስከ ዒሻ (እስከ ምሽቱ ሶላት) ያለው ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ሐሙስ ማታ ከዒሻ በኋላ የተጀመረ ሐድራ ሲጋጋል ታክሲ ያልቃል፤ ከአያት ማዶ ወይም ከቱሉ ዲምቱ የመጣ ሰው ወይ ያድራል፣ ወይ ዱዓው ሳይዘጋ ይወጣል። እያደረ የሚሄድ ሰው ሱብሒ ያመልጠዋል፤ ለሱንና (በፈቃድ ለሚደረገው) ተብሎ ፈርድ (ግዴታው) ተበላ ማለት ነው። ዳር ሰፈር ላይ የሚያዋጣው እሑድ ከዓስር እስከ መግሪብ ነው። ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይገኛል፤ ጎረቤት አልተኛም፤ ተማሪም ሠራተኛም ቤቱ ይገባል።

ቦታው ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ነገሩ የነፍስ ጉዳይ ነውና። ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ 15 ሰው ይቀመጣል። ድምፅ እንዳይወጣ መስኮቱም በሩም ይዘጋል፣ መጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ይደረብበታል። መሐል ላይ ለቡናው አንድ የከሰል ምድጃ፣ ለእጣኑ ሌላ ማጨሻ አለ። የፋመ ከሰል ጭስ ስለሌለው ደህና ይመስላል፤ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ማውጣቱን አላቆመም። ውጭ አቀጣጥሎ ሲቀላ ማስገባት ጭሱን እንጂ ጋዙን አያስቀርም። ጋዙ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት፣ የአእምሮ መምታታት ይመጣል። በሐድራ መሐል እነዚህ ምልክቶች ሲታዩ ምን እንደሚባል የታወቀ ነው፦ «ሐል (መንፈሳዊ መመሰጥ) መጣበት፣ አትንኩት»። ያ ሰው በዚያች ደቂቃ የሚያስፈልገው አየር ነው። ምልክቱን የሚለየው አንድ ነገር፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሹ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ መያዙ ነው፤ መንዙማ የማይሰሙ ሕፃናት ጭምር ከደከሙ አያጠራጥርም። ወዲያው መስኮትና በር ይከፈት፣ ሰው ሁሉ ይውጣ፣ ከሰሉ ይውጣ፣ የወደቀው ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ከመነሻው ግን ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፍላ፤ ከሰል የግድ ከሆነ በረንዳ ላይ ይቀመጥ፣ እጣኑም እዚያው ጨሶ ይብቃ። ሁለት ትይዩ መስኮቶች ስንዝር ያህል ተከፍተው መቆየት አለባቸው። በዚህ ምክንያት ድምፅ ከወጣ ድምፁ ይቀነስ እንጂ መስኮቱ አይዘጋ።

ሌላው ከሐል ጋር የሚምታታው ትንፋሽ ነው። «ሐይ፣ ሐይ» እያሉ በፍጥነት ደረትን መምታት የጀመሩ ሰዎች ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጣታቸውና ከንፈራቸው ይደነዝዛል፣ ራሳቸው ይቀልላቸዋል። ከልክ በላይ ሲተነፈስ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ስሜቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። የማንኛውም እምነት ሰው፣ እምነት የሌለውም ጭምር፣ እንዲያ ቢተነፍስ ያው ይሰማዋል። ዚክሩን የሚመራው ሰው የትንፋሹን መውጫ ከመግቢያው ማስረዘም፣ እጅ ደነዘዘኝ የሚል ካለ ዚክሩን ማብረድ አለበት። ቀድሞውኑ ጫት ያነቃው ልብ ላይ ይህ ሲደረብ ጉዳቱ ይብሳል፤ ጫት የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ይጨምራል። ምርቃናን፣ የጫቱን መነቃቃት፣ ለሐል መቁጠር የቆየ ስሕተት ነው። ምርቃና ቅጠሉ ሲያልቅ ያልቃል፣ ድብርቱ ይከተላል፤ ሐልን ያዩ ሼኾች ግን ሐልን የሚለኩት በማግስቱ በሰውየው ጠባይ ነው። ግፊት ያለበት ሰው ጫት «ጀባ» ተብሎ ሲቀርብለት በምስጋና ቢያሳልፍ አደብ አልጎደለም።

አል-ገዛሊ በእውነት የመጣውን መመሰጥ፣ ወጅድን፣ ሰው ራሱ ከሚቀሰቅሰው ተዋጁድ ይለያሉ። ሁለተኛውንም ጨርሰው አያወግዙትም፤ ለማልቀስ የሚሞክር ልብ ሊለሰልስ ይችላል። ለታይታ ከሆነ ግን ነውር ነው። የተቀማጩ ደንብ ብለው የሚያዙትም ጸጥ ማለት፣ ግራ ቀኝ አለማየት፣ እጅን መሰብሰብ ነው። በዳር ሰፈሩ ሐድራ ይህን የሚያስከብር አንድ ሽማግሌ ከሌለ የሚነሳው የመጀመሪያው ወጣት የምሽቱን ልክ ይወስናል፤ ሌሎቹም እሱን ለመብለጥ ይወራጫሉ።

የዜማው ነገር ከዚህ ሁሉ ይቀላል። አውጪው፣ ዜማውን የሚመራው ሰው፣ ከፍ ባለ ድምፅ ከጀመረ ነገሩ ተበላሸ። መንዙማ እየፈጠነ ሲሄድ ድምፁም ሳይታወቅ ወደ ላይ ይወጣል፤ ተቀባዩ ሊደርስበት ሲያቅተው ይጮኻል፣ ግጥሙም አይሰማም። አውጪው መነጋገሪያ ከሆነው ድምፁ ዝቅ ብሎ ይጀምር። ድቤ መቺው የሚከተለው የአውጪውን አፍ ነው፤ ጭብጨባውን ከተከተለ ፍጥነቱ ማቆሚያ የለውም፣ አጨብጫቢ ሁልጊዜ ይቸኩላልና። ለ15 ሰው አንድ ድቤ ይበቃል። በክረምት የዳር ሰፈሩ እርጥበት ቆዳውን ስለሚያረግበው ድምፁ ይወፍርና ያጉረመርማል፤ ጎረቤት ግድግዳ አልፎ የሚሄደውም ይኸው ወፍራም ድምፅ ነው። ከመጀመሩ በፊት ፀሐይ ላይ ወይም ከሙቀት ክንድ ያህል ርቆ ይቀመጥ፤ ፍም ላይ የተደፋ ቆዳ ግን ደርቆ ይሰነጠቃል። መቺው ከጎረቤት ጋር ከሚጋሩት የብሎኬት ግድግዳ ይራቅ፤ ድቤውም ወለል ላይ ሳይሆን በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ይረፍ፣ ንዝረቱ በኮንክሪቱ ወደ ታችኛው ፎቅ እንዳይወርድ።

ስፒከር ይውጣ። በአንድ ክፍል ውስጥ ላለ ሰው ማይክ ለምን እንደሚያስፈልግ ገብቶኝ አያውቅም። በአገሪቱ ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው የድምፅ ጣሪያ ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል ነው፤ 55 የሚባለው ከተራ ወሬ የማያልፍ ድምፅ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑም ከጸሎት ቤቱም የሚመጣ ድምፅ አለ ተብሎ ይመለሳል። አለ፤ ግን ሐድራ ከጎረቤት ጋር የሚኖር ነገር ነው። በአርሲ ፈረቀሳ እስከ 1929 እ.ኤ.አ. የኖሩትን የእመቤት ሲቲ ሞሚናን ደጅ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚሳለመው በስፒከር ተጠርቶ አይደለም።

ግጥሙ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በድብልቅ ሰፈር አውጪው የሚያውቀው መንዙማ ለግማሹ ሰው ባዕድ ይሆናል፤ የወሎው ለጅማው፣ የስልጤው ለሐረሩ። በአንድ ቁጭታ ሦስት ወይም አራት መንዙማ ይበቃል፤ በመካከላቸው ሼኹ ወይም የተማረ ደረሳ የግጥሙን ፍቺ ለአምስት ደቂቃ ያስረዳ። መንዙማ ማስተማሪያ የነበረው በዚህ መንገድ ነው። አሁን ግን ከስልክ ላይ የተሸመደደ፣ በኪቦርድ የታጀበ ዜማ ቃሉ ሳይገባ ይደገማል፤ አዝማቹን የሚያውቅ ሞልቷል፣ ስንኙን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

በእነዚህ ሰፈሮች ሥርዓቱን ይዘው ያሉት በአብዛኛው ሴቶቹ ናቸው፤ ይህ ብዙ ጊዜ አይነገርም። የሴቶች የቡና ዱዓ በቀን ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ያለውን ጊዜ አያልፍም፤ ስፒከር የለውም፤ ዜማው በእጅና በአንድ ድቤ ነው። የታመመ ጎረቤት ስም ተጠርቶ ዱዓ ይደረግለታል፣ ሲበተኑም ሁለት ሦስቱ እሱኑ ሊጠይቁ ይሄዳሉ። የየብሎኩ ወጣቶች የጋራ መገልገያ ቤቱን ለሐሙስ ማታ ከመጠየቃቸው በፊት የእናቶቻቸውን የሰዓት አያያዝ ቢወስዱ፣ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴም ቢሆን እንቢ የሚልበት ምክንያት ያጣል።